የደቃቃ መኪኖች ጉልበት፦ እንቅፋትን ከኤሌክትሪክ መንገድ የማንሳት ጥበብ

በመዳፍ ላይ የምታርፍና በሬዲዮ ሞገድ የምትታዘዝ መኪና ጉልበቷ የሚወሰነው ብዙ ሰው እንደሚገምተው በሞተሯ ብቻ ሳይሆን፣ ከባትሪው ተነስቶ ሞተሩን አልፎ ወደ ባትሪው በሚመለሰው የኤሌክትሪክ መንገድ ላይ በተደረደሩት እንቅፋቶች ሁሉ ድምር ነው። ይህ እንቅፋት ሬዚስታንስ ይባላል፤ አንድ አካል የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበት መጠን ማለት ሲሆን የሚለካውም በኦም ነው። በቤት ውስጥ 220 ቮልት ላይ ለሚሠራ ዕቃ የአንድ ኦም እንቅፋት ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም፣ በ1.2 ቮልት ለምትነዳ መኪና ግን ያው አንድ ኦም ከሞተሩ ከራሱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የደቃቃ መኪኖችን ኤሌክትሮኒክስ የማሻሻል ሥራ ዞሮ ዞሮ አዲስ ጉልበት የመፍጠር ሳይሆን፣ ባትሪው ሊሰጥ የሚችለውን ነገር ግን በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነውን ጉልበት የማስመለስ ሥራ ነው።

የዚህ ዘርፍ ታሪክ በዋነኛነት ከጃፓን የመጫወቻ ኢንዱስትሪ ጋር የተያያዘ ነው። ኪዮሾ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1999 ሚኒ-ዚ የተሰኘችውን መኪና ለገበያ ሲያቀርብ፣ ከእውነተኛዋ መኪና 28 ጊዜ ያህል የምታንስ፣ በአራት ትሪፕል ኤ ባትሪ ድንጋዮች የምትሠራ፣ መሪዋም ሆነ ፍጥነቷ እንደ ትልልቆቹ የውድድር ሞዴሎች በጣት ግፊት ልክ የሚታዘዝ መሣሪያ አድርጎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቶሚ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ ቢት ቻር-ጂ የተባሉትን ከጣት የማይረዝሙ መኪኖች አወጣ፤ በ2002 ደግሞ ሬዲዮ ሻክ የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ዚፕዛፕስ በሚል ስም ተመሳሳዮቻቸውን በአሜሪካ መሸጥ ጀመረ። የእነዚህ ታናናሽ መኪኖች ባትሪ በአካላቸው ውስጥ ያለች አንዲት ደጋግማ የምትሞላ ሴል ስትሆን፣ ከመቆጣጠሪያው ጋር ተገናኝታ በአንድ ደቂቃ ገደማ ተሞልታ ለጥቂት ደቂቃ ታስኬዳለች። አምራቾቹ ራሳቸው ፈጣን ሞተሮችንና የተለያየ ጥርስ ያላቸውን ማርሾች ለብቻ መሸጣቸው ባለቤቶቹ እጃቸውን ወደ ውስጥ እንዲያስገቡ መጋበዝ ነበርና፣ ከሞተሩ ቀጥሎ የሚነካው የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ መሆኑ የማይቀር ነበር።

የሞተሩ ጠባይ አስቀድሞ ካልታወቀ የቦርዱ ችግር አይታወቅም። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ያለው ቀላል የብሩሽ ሞተር ሁለት ሕጎችን ይከተላል፤ የመዞር ኃይሉ በውስጡ ከሚያልፈው ፍሰት ጋር፣ የመዞር ፍጥነቱ ደግሞ ጫፎቹ ላይ ከሚደርሰው ቮልቴጅ ጋር እየተመጣጠነ ይጨምራል። ሞተሩ መዞር ሲጀምር እንደ ጄኔሬተር የራሱን ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ይህም ከባትሪው ቮልቴጅ በተቃራኒ ስለሚቆም ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የሚገባው ፍሰት እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚህ የተነሳ ሞተሩ ከፍተኛውን ፍሰት የሚስበው ቆሞ ሊነሳ ሲል ነው፤ በዚያች ቅጽበት ፍሰቱን የሚገታው የባትሪው፣ የሽቦው፣ የቦርዱና በሞተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ፈጣን ተብሎ የሚሸጠው ሞተር በአብዛኛው ጥቅሉ አነስተኛ ዙር ባለውና በወፈረ ሽቦ የተሠራ በመሆኑ የራሱ ሬዚስታንስ ዝቅተኛ ነው። ነባሩ ሞተር አምስት እጅ፣ የቦርዱ እንቅፋት ደግሞ አንድ እጅ የነበረበት መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ሞተር ቢገባ፣ የእንቅፋቱ ድርሻ ከሞተሩ ወደ ቦርዱ ያደላል፤ የተገዛው ሞተር የሚያሞቀውም የቦርዱን ክፍሎች ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሞተር ለውጦ ውጤት ያጣ ሰው ጥፋቱን በሞተሩ ላይ ቢያደርግም ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሞተሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለማዞር ፍሰቱ አቅጣጫውን መለወጥ ስላለበት፣ በቦርዱ ላይ አራት የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያዎች የላቲኑን ፊደል ኤች በሚመስል ቅርጽ ይደረደራሉ፤ ሞተሩ በመሐለኛዋ አግድም መስመር ላይ ይቀመጣል። ይህ አደራደር ኤች-ድልድይ ይባላል። ወደ ፊት ሲኬድ ከላይ የግራው ከታች የቀኙ ይከፈታሉ፤ ወደ ኋላ ሲኬድ የቀሩት ሁለቱ ይከፈታሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ፍሰቱ ምን ጊዜም ቢሆን በሁለት ማብሪያዎች ውስጥ ማለፉ ነው፤ በአንዱ ላይ የሚደርሰው ብክነት ሁሌም በሁለት ይባዛል።

በታናናሾቹ መኪኖች ውስጥ ማብሪያ ሆኖ የሚያገለግለው የተለመደው ትራንዚስተር ነው። ይህ ትራንዚስተር ሙሉ በሙሉ በተከፈተ ጊዜም ቢሆን በሁለት ጫፎቹ መካከል 0.2 ቮልት ያህል ያስቀራል። በ12 ቮልት ለሚሠራ መሣሪያ ሁለት ጊዜ 0.2 ቮልት ምንም አይደለም፤ በ1.2 ቮልት ለምትሠራ መኪና ግን 0.4 ቮልት የጠቅላላው ሲሶ ነው። ይህ በእርግጥ አስደናቂ ሐቅ ነው፤ ባትሪዋ ከምታወጣው እያንዳንዱ ሦስት እጅ አንዱ ጎማ ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነውና። ከዚህም በላይ ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ቤዝ በተባለው መቆጣጠሪያ እግሩ በቂ ፍሰት ሲገባ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ፍሰት ደግሞ በቦርዱ ላይ የተተከለች ትንሽ ሬዚስተር ትገድበዋለች። ነባሩ ሞተር ለሚስበው ፍሰት የተመጠነችው ሬዚስተር፣ የበለጠ የሚስብ ሞተር ሲገባ ስለምታንስ ትራንዚስተሩ በግማሽ ተከፍቶ ይቀርና የሚያስቀረው ቮልቴጅ ከ0.2 እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ርካሹ ይህችን ሬዚስተር ዝቅ ባለ ዋጋ መተካት ነው፤ ገደቡም ትራንዚስተሩን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ቺፕ ሳይጎዳ ሊያወጣው የሚችለው ፍሰት ነው።

በዚህ የመኪና መደብ እጅግ የተወደደው ለውጥ ግን ሁለተኛ ሴል ጨምሮ ቮልቴጁን ወደ 2.4 ማሳደግ ነበር። ብዙዎች ቮልቴጁ በእጥፍ ስላደገ ፍሰቱም በእጥፍ ያድጋል ብለው ቢያስቡም፣ ስሌቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። ሁለቱ ትራንዚስተሮች የሚያስቀሩት 0.4 ቮልት ብዙም ስለማይለወጥ፣ ቀድሞ ሞተሩ ጋር ይደርስ የነበረው 0.8 ቮልት ሲሆን አሁን የሚደርሰው 2.0 ቮልት ነው፤ ይህም ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የሞተር ከፍተኛ ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚመጣጠን ውጤቱ ስድስት እጥፍ ይደርሳል። መኪናዋ እንደ አዲስ የተፈጠረች የምትመስለው፣ በዚያው ልክም ትራንዚስተሮቿ በቀላሉ ሊቃጠሉ የሚችሉት ለዚህ ነው።

የተቃጠለውን ትራንዚስተር በምን መተካት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ወደ ሞስፌት ይመራል። ሞስፌት በፍሰት ሳይሆን በቮልቴጅ የሚከፈት የትራንዚስተር ዓይነት ነው፤ ጌት በሚባለው እግሩ ላይ ቮልቴጅ ሲያርፍ በውስጡ መንገድ ይከፈታል፣ መንገዱም ቋሚ ቮልቴጅ የሚያስቀር ሳይሆን በጣም ዝቅተኛ ሬዚስታንስ ያለው ነው። የአንድ ጥሩ ሞስፌት ሬዚስታንስ 0.03 ኦም ቢሆን፣ አንድ አምፔር ሲያልፍበት የሚያስቀረው 0.03 ቮልት ብቻ ነው። ታዲያ አምራቾቹ ከመጀመሪያው ለምን በዚህ አልሠሩም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከዋጋው ሌላ በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ አብዛኛው ሞስፌት በጌቱ ላይ 2.5 ወይም 4.5 ቮልት ካላገኘ በወጉ አይከፈትም፣ በአንዲት ሴል የምትሠራ መኪና ውስጥ ደግሞ ይህ ቮልቴጅ የለም። በ1.2 ቮልት በግማሽ የተከፈተ ሞስፌት ከተራው ትራንዚስተር የባሰ ነው። ስለዚህ በታናናሾቹ መኪኖች ሞስፌት የሚተከለው ቮልቴጁ ካደገ በኋላ ሲሆን፣ በአራት ድንጋይ 4.8 ቮልት በምታገኘው ሚኒ-ዚ ግን ከፋብሪካው ጀምሮ ቦርዱ ላይ የነበረው ሞስፌት ነበር፤ የአሻሻዮች ጥረት እርሱን በተሻለ መተካትና መደራረብ ላይ ያተኮረውም በዚህ የተነሳ ነው።

የመደራረቡን ጥቅም በቁጥር ማየት ይቻላል። ለስሌት እንዲያመች የአራቱ ድንጋዮች የውስጥ ሬዚስታንስ በድምሩ 0.16 ኦም፣ ሽቦና ማገናኛው 0.04፣ ሞተሩ 0.6፣ እያንዳንዱ ነባር ሞስፌት ደግሞ 0.1 ኦም ነው ቢባል፣ ሁለቱ ሞስፌቶች ተጨምረው ጠቅላላው ልክ አንድ ኦም ይሆናል፤ መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳም የሚፈሰው 4.8 አምፔር ነው። በሞስፌት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የፍሰቱ ስኩዌር በሬዚስታንሱ ተባዝቶ ስለሚገኝ በእያንዳንዱ ላይ 2.3 ዋት ያርፋል፤ ከስንዴ ፍሬ እምብዛም ለማይበልጥ ባለ ስምንት እግር ቺፕ ይህ ከአቅም በላይ ነው። አሁን እያንዳንዱ 0.03 ኦም በሆነ ሞስፌት ተተክቶ ሁለት ሁለት ቢደራረብ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ሬዚስታንሱ በግማሽ ወርዶ 0.015 ይሆናል፤ የመንገዱ ድምርም ወደ 0.83 ኦም ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ 5.8 አምፔር ገደማ ያድጋል። ኃይሉ በ20 በመቶ ሲጨምር ሙቀቱ ግን ወደ ግማሽ ዋት ወርዶ ያውም ለሁለት ይከፈላል። ጉልበት ጨምሮ ሙቀት የሚቀንስበት ለውጥ በምህንድስና ውስጥ ብርቅ ነውና የዚህ ሥራ ውበት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ ቢደረብስ? ሬዚስታንሱ ከ0.015 ወደ 0.01 ይወርዳል፤ በሁለቱም ወገን የሚተርፈው 0.01 ኦም ከ0.83 ጋር ሲነጻጸር ከአንድ በመቶ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የተደረበ ሞስፌት የራሱን ሸክም ያመጣል። የሞስፌት ጌት እንደ ትንሽ ካፓሲተር ማለትም እንደ ቻርጅ መያዣ ነው፤ ለመክፈት መሞላት፣ ለመዝጋት መራገፍ አለበት። ፍጥነቱ በጣት ግፊት ልክ የሚለዋወጥ መኪና ላይ መቆጣጠሪያው ሞተሩን በሰከንድ በመቶዎችና በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈተ እየዘጋ አማካዩን ይመጥናል እንጂ ቮልቴጁን አይለውጥም፤ ጌቶቹ በተደራረቡ ቁጥር መቆጣጠሪያ ቺፑ ለመሙላትና ለማራገፍ ስለሚዘገይ ሞስፌቶቹ በግማሽ በተከፈተ ሁኔታ የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። በግማሽ የተከፈተ ማብሪያ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይሞቃል። በአምስትና በስድስት ፎቅ የተደረደሩ ቺፖች ለዓይን ቢያስደንቁም ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ያለው አብዛኛው ለጌጥ ነው።

መደራረቡ ራሱ የሚቻለው ሞስፌት ባለው አንድ መልካም ጠባይ ምክንያት ነው። ሞስፌት ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ከቆሙት አንዱ ድርሻውን አብዝቶ ቢወስድ በመሞቁ ብቻ ፍሰቱን ወደ ጓደኛው ይመልሳል። ተራው ትራንዚስተር በተቃራኒው ሲሞቅ ይበልጥ ይከፈታል፤ አንዱ ትንሽ ከሞቀ የሌላውን ድርሻ ጠቅልሎ ወስዶ የባሰ ይሞቅና ይቃጠላል፣ ቀጥሎም ሸክሙ ሁሉ በቀረው ላይ ይወድቃል። ትራንዚስተር እየደረቡ ተመሳሳይ ውጤት የጠበቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይሳካላቸው በዚህ የተነሳ ነው።

የብየዳው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ቢሆንም ምሥጢር የለውም። የላይኛው ቺፕ እግሮች ቀጥ ተደርገው ወደ ታች ይታጠፉና በታችኛው ቺፕ እግሮች ላይ እግር ለእግር ይቆማሉ፤ በቺፑ ላይ የተቀረጸችው ነጥብ የመጀመሪያውን እግር ስለምታመለክት ሁለቱ ነጥቦች በአንድ ወገን መሆን አለባቸው። እግሮቹ አስቀድመው ፍላክስ በሚባለው ኦክሳይድ አጽጂ ቅባት ይቀባሉ፤ ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅልቅል የሚሠራው የተለመደው የመበየጃ ሊድ በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ መበየጃው እግሩን የሚነካው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። በሁለት እግሮች መካከል ለዓይን የማትታይ የሊድ ክር ከቀረች በኤች-ድልድዩ አንድ ወገን ያሉት የላይኛውና የታችኛው ማብሪያ በአንድ ላይ ሊከፈቱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ፍሰቱ ሞተሩን ሳይነካ ከባትሪው ጫፍ ወደ ጫፍ ስለሚሮጥ ቺፖቹ በቅጽበት ይሰነጠቃሉ። ባትሪው ከመግባቱ በፊት ሁሉንም አጎራባች እግሮች በመለኪያ መፈተሽ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ጌቱ የተሸፈነበት ስስ ንብርብር ከልብስና ከምንጣፍ በሚነሳ የማይታይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሚበሳ ሠራተኛው አስቀድሞ ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት መንካት ይኖርበታል። በአዲስ አበባ የሞባይል ጥገና ሱቆች ውስጥ በማጉያ መነጽርና በሙቅ አየር መንቀያ የሚሠሩ ወጣቶች ከዚህ የረቀቀ ሥራ በየቀኑ ስለሚሠሩ፣ ለእነርሱ ይህ ቦርድ ሰፊ ሜዳ ነው።

ፍሰቱ ሲያድግ አዲስ ችግር ይወለዳል። ሞተሩ ሲነሳ የባትሪው ቮልቴጅ ለቅጽበት ይወርዳል፤ በዚያች ቅጽበት ከዚያው ባትሪ የሚመገበው የሬዲዮ ተቀባይና መቆጣጠሪያ ቺፕ ከሚፈልገው ቮልቴጅ በታች ከሆነ ጠፍቶ እንደገና ይጀምራል፤ መኪናዋም እየተንተባተበች ትሄዳለች። ፍቱኑ መድኃኒት የቺፑን መንገድ ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዳዮድ ከሞተሩ መንገድ ለይቶ ከጎኑ ካፓሲተር ማስቀመጥ ነው። ቺፑ 10 ሚሊአምፔር የሚጠቀም ከሆነ 1000 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ለ10 ሚሊሰከንድ ሲያቆየው ቮልቴጁ የሚወርደው 0.1 ቮልት ብቻ ነው፤ ይህም የሞተሩን የመጀመሪያ ንጥቂያ ለማሳለፍ ይበቃል።

ሁለተኛው ችግር የሞተሩ ብሩሽ ብልጭታ የሚረጨው የሬዲዮ ጩኸት ነው። በርካሽ የሪሞት መኪኖች ውስጥ በሰፊው የሚገኘው ቲኤክስ-2ቢ እና አርኤክስ-2ቢ የተባለ የቺፕ ጥንድ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው በምት ቁጥር ነው፤ 10 ምት ወደ ፊት፣ 40 ምት ወደ ኋላ፣ 58 ምት ወደ ግራ፣ 64 ምት ወደ ቀኝ ማለት ሲሆን፣ ተቀባዩ ምቶቹን ቆጥሮ ትእዛዙን ይለያል። በመሐል የገባ ብልጭታ እንደ ምት ከተቆጠረ ወይም እውነተኛውን ምት ከሸፈነ ትእዛዙ ይበላሻል፤ ጉልበት የተጨመረላት መኪና ርቀቷ ያጠረ የሚመስለው ብዙ ጊዜ አስተላላፊው ደክሞ ሳይሆን የራሷ ሞተር ጆሮዋን ስለደፈነው ነው። በሞተሩ ሁለት ጫፎች መካከል፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ሞተሩ የብረት አካል 0.1 ማይክሮፋራድ የሆኑ ካፓሲተሮች መበየድ ይህን ጩኸት ከምንጩ ያፍነዋል። ሦስቱ ካፓሲተሮች በድምሩ ከሞተሩ ዋጋ የማይደርሱ ሆነው ሳሉ ብዙ አሻሻዮች መዝለላቸው የሚያሳዝን ነው።

ባትሪን በሚመለከት ፈተናው የሊቲየም ሴል ነው። የአንዱ ሊቲየም ሴል ቮልቴጅ 3.7፣ ሲሞላ ደግሞ 4.2 ስለሚሆን የቀድሞውን የሦስት ድንጋይ ሥራ ብቻውን ይሠራል። ነገር ግን 10440 የሚል ቁጥር የተሰጠው ሊቲየም ሴል በቁመቱም በውፍረቱም ከትሪፕል ኤ ድንጋይ ጋር አንድ በመሆኑ አራቱን እንደ ድንጋይ ደርድሮ ወደ ሚኒ-ዚ ማስገባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ 4.8 ቮልት የለመደው ቦርድ ከ14 ቮልት በላይ ይጋፈጣል። የባሰው አደጋ ግን በመሙላት ላይ ነው። ለተለመደው ባለ 1.2 ቮልት የኒኬል ሴል የተሠራ ቻርጀር 4.2 ቮልት ላይ ማቆምን አያውቅምና ከዚያ ያለፈ ሊቲየም ሴል ያብጣል፣ እሳትም ያነሳል። በዚህ ነጥብ ላይ ለሙከራ ቦታ የለም፤ የሊቲየም ሴል በራሱ ቻርጀር ብቻ፣ ሰው በሚያየው ቦታ መሞላት አለበት፤ ሠሪው ልጅ ከሆነም አዋቂ ባለበት ብቻ።

ከእነዚህ ለውጦች የትኛው ለየትኛዋ መኪና እንደሚያስፈልግ በግምት ሳይሆን በመለኪያ ይታወቃል። ጎማው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ተይዞ ሞተሩ ሙሉ ትእዛዝ ሲሰጠው፣ ቮልቲሜትሩ በየተራ በባትሪው፣ በእያንዳንዱ ማብሪያና በሞተሩ ጫፎች ላይ ቢያርፍ የትኛው ክፍል ስንት ቮልት እንደሚበላ ይነግራል። ባትሪው ራሱ ከ4.8 ወደ 3.5 ከወረደ አዲስ ሞስፌት ከመግዛት የተሻሉ ድንጋዮች መግዛት ይበልጣል፤ በማብሪያዎቹ ላይ ግማሽ ቮልት ከታየ ግን ሥራው ቦርዱ ላይ ነው። የባትሪ መያዣው የዛገ ምላስ ብቻውን የአንድ ሞስፌትን ያህል ቮልቴጅ ሲበላ መገኘቱም የተለመደ ነው።

በመጨረሻ ጉልበቱ መሬት የሚነካበት የጎማ ነገር አለ፤ የተስፋና የውጤት ልዩነት የሚታየውም እዚህ ነው። 170 ግራም የምትመዝን መኪና ከክብደቷ 100 ግራሙ በኋላ ጎማዎቿ ላይ ቢያርፍና ጎማው ወለሉን በሚገባ የሚይዝ ቢሆን፣ ሳትንሸራተት መግፋት የምትችለው በአንድ ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። ጎማው 12 ሚሊሜትር ሬዲየስ ካለውና በሞተሩ ላይ ያለው 8 ጥርስ ማርሽ 44 ጥርስ ያለውን የሚያዞር ከሆነ፣ ይህን ግፊት ለመስጠት ከሞተሩ የሚፈለገው 2.2 ሚሊኒውተን ሜትር የመዞር ኃይል ነው። ቀደም ሲል በምሳሌነት የቀረበው ሞተር ያለ ሸክም በደቂቃ 30,000 ዙር የሚዞር ቢሆን፣ ከቆመበት ሲነሳ ገና ሳይሻሻል 7 ሚሊኒውተን ሜትር ገደማ ያወጣል። ስለዚህ በመነሻው ላይ የተጨመረው 20 በመቶ ጎማውን ከማሽከርከር በቀር ምንም አይሠራም። ጥቅሙ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ነባሩ መንገድ የጎማውን አቅም የሚያሟላ ኃይል መስጠት የሚችለው ሞተሩ በደቂቃ 21,000 ዙር እስኪደርስ ሲሆን፣ የተሻሻለው እስከ 22,500 ድረስ ይዘልቃል። ይህ የሰባት በመቶ ብልጫ በቀጥታው መንገድ አጋማሽ ላይ ይታያል፤ በውድድር ሜዳ ላይም አንዷ መኪና ሌላዋን የምታልፈው እዚያ በመሆኑ ለሚወዳደር ሰው የሚናቅ አይደለም፣ በሳሎን ወለል ላይ ለሚጫወት ሰው ግን የተሻለ ጎማ መግዛቱ ይበልጥ ይጠቅመዋል።